ዓይን ብቻውን አያይም

ባህል የሰውን አስተያየትና አስተሳሰብ ይቀርጻል የሚለው አባባል ዛሬ በምሁራን ዘንድ ብዙ ክርክር አያስነሣም። ክርክር ሊያስነሣ የሚገባው አባባሉ የሚነገርበት አቅጣጫ ነው። ባህል ዓይኑን ጋረደው የሚባለው ዘወትር ገበሬው ነው፤ ልማድ አእምሮውን አሠረው የሚባለውም እርሱው ነው። ተናጋሪው ግን ራሱን ከባህል ውጭ አውጥቶ፣ ከፍ ካለ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቁልቁል እንደሚመለከት ዳኛ ይቆጥራል። የዚህ ጽሑፍ ሙግት ከዚህ ዳኛ ጋር ነው።

ነገሩን በተጨባጭ ለመመርመር አርዲቦ ሐይቅን እንውሰድ። አርዲቦ በደቡብ ወሎ ተራሮች መካከል የተኛ ውሃ ነው። የእስጢፋኖስ ገዳም ከሚገኝበት ከጎረቤቱ ሐይቅ ይልቅ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ስለሆነ ትርፍ ውሃው ቁልቁል ወደዚያው ይወርዳል። ለካርታ ሠሪው አርዲቦ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለ ሰማያዊ ነጥብ ነው። ለመስኖ መሐንዲሱ በቦይ ተለክቶ የሚከፋፈል ክምችት ነው። ለዓሣ አስጋሪው መረብ የሚጣልበት ማሳ፣ ለሠዓሊው ደግሞ ከተራራው ጥላ ጋር የሚታገል ብርሃን ነው። በዳርቻው ለሚኖረው ገበሬ ከብቱ የሚጠጣበት፣ የዓመቱም መክፋትና መልማት በውሃው መሸሽና መሙላት የሚነበብበት ገጽ ነው። ከእነዚህ መካከል ዕውሩ ማነው? ማንም አይደለም። ሁሉም ያደገበት ሙያና ኑሮ ያስተማረውን ያያል። ዕውርነት የሚጀምረው የአንዱ አስተያየት «ዕውቀት» ተብሎ ወደ መዝገብ ሲገባ፣ የሌላው «ልማድ» ተብሎ ደጅ ሲቀር ነው።

ለዚህ ከሩቅ አገር ማስረጃ መጥራት አያስፈልገንም። ደረጎቭስኪና ሁለት ሙልድሮው የተባሉ ባልደረቦቹ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በሜኤን ሕዝብ ዘንድ ያካሄዱትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1972 አሳትመው ነበር። ጥያቄያቸው ከሥዕል ጋር እምብዛም ያልተዋወቀ ሰው የተሣለውን እንስሳ ይለያል ወይ የሚል ነበር። ወረቀቱ ራሱ እንግዳ ነገር ስለሆነ ሥዕሎቹ በሸካራ ጨርቅ ላይ ተዘጋጁ። አብዛኞቹ ተመልካቾች፣ አንዳንዶቹም ክፍሉን ከክፍሉ በጥንቃቄ እያገናኙ፣ የቀረበላቸውን እንስሳ ለይተዋል። ትምህርቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሥዕልን ማየትም እንደ ንባብ የሚለመድ ነገር ነው። ሁለተኛ፣ ባህል መንገድ እንጂ እሥር ቤት አይደለም፤ ዓይን በአግባቡ ከተጠየቀ ይማራል።

ፈተናውን እስቲ ወደ ራሳችን እናዙረው። በዘመናዊ ትምህርት ቤት ያደገውን ወጣት በአንድ የቆየ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ፊት አቁሙት። ጻድቁ ሁለት ዓይኖቹ እየታዩ በሙሉ ፊቱ፣ ክፉው ደግሞ በአንድ ዓይኑ በጎን መሣሉን ካልነገሩት፣ ሠዓሊው ሰው መሣል ያልቻለ ይመስለዋል። ያላነበበውን ጽሕፈት የተበላሸ ጽሕፈት ይለዋል። እንግዲህ ሥዕል ማንበብ ያልቻለው ማነው?

ስሕተቱ በሥዕል ቢወሰን ኖሮ በፈገግታ በታለፈ ነበር። ነገር ግን ዋጋው ሕይወት የሆነበት ጊዜ አለ። የወሎ ደጋ ገበሬ ዓመቱን በሁለት ዝናብ ይከፍላል፤ በልግና ክረምት። በበልግ የሚያርስ ቤተሰብ በልጉ ሲከዳው ምን እንደሚመጣ ቀድሞ ያውቃል። ለአዲስ አበባው ሰው ግን የበልግ ዝናብ ጃንጥላ የሚያስይዝ ካፊያ ብቻ ሊሆን ይችላል። በ1964 የክረምቱ ዝናብ ተጓደለ፤ በ1965 በልጉ ከሸፈ። የተራበው ሕዝብ ከደሴ ወደ ሰሜን በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር ተሰበሰበ። በዚያ መንገድ መኪና ይመላለስ ነበር፤ በመስኮትም የሚመለከት አልጠፋም። ታዲያ እንዴት አልታየም ተባለ?

የእኔ መልስ ይህ ነው፤ ታየ፣ ግን እንደ ረሃብ አልታየም። ባህላችን እጁን ለዘረጋ አንድ ሰው «የኔ ቢጤ» የሚል ስም፣ ለሰጪውም የጽድቅ መንገድ አዘጋጅቷል። ሺህ ሰው በአንድነት እጁን ሲዘረጋ ግን ያው አሮጌ ስም ብዙ ለማኞችን እንጂ አንድ የአገር ጥፋትን አላሳየም። የቤተ መንግሥቱ ባህል በበኩሉ ረሃብን ከእንግዳ ዓይን የሚሸፈን ገመና አደረገው። ይህን ያደረገው ያልተማረ ገበሬ አልነበረም፤ ፊደል የቆጠረ፣ ማኅተም የያዘ ሹም ነበር።

በጥቅምት 1966 የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ታየ። መስከረም 1 ቀን 1967 ምሽት ያው ምስል ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር ጎን ለጎን ተቀናብሮ ለኢትዮጵያውያን ቀረበ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። የተራቡት ፊቶች አዲስ አልነበሩም፤ አዲሱ ነገር አጎራባቹ ነበር። ቀድሞ የተለየ ሁለት ነገር አንድ ላይ ሲቀመጥ ዓይን ሌላ ነገር አየ። ያቀናበሩት ሰዎች የራሳቸው የፖለቲካ ዓላማ እንደነበራቸው ባይካድም፣ አስተያየት እንዴት እንደሚቀረጽና እንደሚለወጥ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።

«እንዲህ ከሆነ ሁሉም አስተያየት እኩል ነው፣ እውነትም የለም ማለት ነው» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። አይደለም! ዝናቡ መቅረቱ የባህል ጉዳይ አይደለም፤ ረሃብም በየትኛውም ቋንቋ ይገድላል። ባህል የሚወስነው እውነቱ መኖሩን ሳይሆን መቼና በማን መታየቱን ነው። ስለዚህም ነው አንድ ዓይን ብቻውን የማይበቃው።

ከኪነ ጥበብ ሰው የሚጠበቀው ገበሬውን «ዓይንህን ግለጥ» ብሎ መስበክ አይደለም። ስለ አፈር፣ ስለ ደመና፣ ስለ ከብት መልክ ያለውን ቃላት ሰብስቦ መመዝገብ፣ መምህሩም በክፍል ውስጥ እንዲያስተምረው ማድረግ ነው። ዕቅድ አውጪው ደግሞ ወደ አርዲቦ ዳርቻ ሲወርድ መለኪያውን ይያዝ፤ ነገር ግን መለኪያው የማይለካውን ምን እንደሆነ በዚያ ያሉትን ሰዎች አስቀድሞ ይጠይቅ። የራሱን ዓይን ማን እንዳስተማረው ያልመረመረ ሰው ስለ ሌላው ዓይን ፍርድ ለመስጠት መብት የለውም።