የመርከቡ ቀንና የሰሊጥ ካምፓችን

ዛሬ ስለ መርከብ ነው የማወራችሁ። «ዶክተር፣ ሸሕዲ ላይ ደግሞ የምን መርከብ ነው?» እንዳትሉኝ። እስከ መጨረሻው አንብቡትና ከዚያ ፍረዱ።

ነገሩ የመጣው ከአንድ ታካሚ ነው። ሰሊጥ አጨዳ ላይ እያለ አተት ይዞት የመጣ ወጣት ነው። ሁለት ቀን ግሉኮስ ሲወስድ ቆይቶ ትንሽ ነፍስ ሲዘራ ስልኩን አወጣና አንድ ቪዲዮ አሳየኝ። ትልቅ የመዝናኛ መርከብ ነው፤ ገንዳ አለው፣ ምግብ ተደርድሯል፣ ሰው ይጨፍራል፣ ዙሪያውን ውሃ ብቻ ነው። «ዶክተር፣ ይሄ ሁሉ ሰው አንድ ብረት ውስጥ ተዘግቶ እየዋለ እንዴት ነው እንደኛ የማይታመመው?» አለኝ።

ጥያቄው ከአእምሮዬ አልወጣም። እኔም መርከብ ላይ ወጥቼ አላውቅም፤ የማውቀው ትልቅ ውሃ ጣና ነው። ስለ መርከብ ጤና አጠባበቅ ግን ብዙ ተጽፏልና ያነበብኩትን ላካፍላችሁ።

በመጀመሪያ፣ እነሱም ይታመማሉ። ትልልቆቹ መርከቦች ከተሳፋሪውና ከሠራተኛው ጋር ከአምስት ሺህ ሰው በላይ ይይዛሉ። ወደብ የማይነኩበት ቀን፣ እነሱ «የባሕር ቀን» የሚሉት፣ ሁሉም ሰው እዚያው ይውላል። አንድ ላይ ይበላል፣ አንድ መወጣጫ ይይዛል፣ አንድ ገንዳ ውስጥ ይዋኛል። ለጀርም ከዚህ የተሻለ ሠርግ የለም። ኖሮቫይረስ የሚባለው ተቅማጥና ትውከት የሚያመጣው ቫይረስ የመርከቦች የቆየ ጠላት ነው። ልዩነቱ በሽታው ሲመጣ የሚጠብቀው ነገር ላይ ነው።

እስቲ ቀኑን አብረን እንየው።

ጠዋት ቁርስ ነው። ብዙ መርከቦች ላይ የምግብ አዳራሹ በር ላይ የእጅ መታጠቢያ አለ፤ ሠራተኛ ቆሞ «እባክዎ ይታጠቡ» ይላል። የሚጠጣው ውሃ አብዛኛውን ጊዜ ከባሕሩ ተቀድቶ፣ ጨው ወጥቶለት፣ ክሎሪን ተጨምሮበት ነው የሚቀርበው። አስቡት፣ እኛ የምንጠጣው የሌለ መስሎን ኩሬ ስንቀዳ፣ እነሱ የማይጠጣውን ባሕር ንጹሕ አድርገው ይጠጡታል!

እኩለ ቀን ላይ ሰው ፀሐይ ይሞቃል፣ ይዋኛል። የገንዳው ክሎሪን ይለካል፣ ይመዘገባል። ታች ክሊኒክ አለ፤ ሐኪምና ነርስ ይጠብቃሉ። ተቅማጥ የጀመረው ሰው ክፍሉ እንዲቆይ ይደረጋል፣ ምግቡ እዚያው ይሄድለታል። ከአሜሪካ ወደብ ጋር የሚገናኙ መርከቦች ደግሞ ከዚህ የጠበቀ ግዴታ አለባቸው፦ ከተሳፋሪው ወይም ከሠራተኛው ከመቶ ሦስቱ በተቅማጥና ትውከት ከታመሙ ነገሩ እንደ ወረርሽኝ ተቆጥሮ ለሕዝብ ይፋ ይወጣል። ምግብ የሚያዘጋጅ ሠራተኛ ከታመመ ተቅማጡ ካቆመ በኋላ 48 ሰዓት ሳይሞላው ወደ ወጥ ቤት አይመለስም።

ማታ ሙዚቃ አለ፣ ቲያትር አለ። ሰው ሲተኛ ሌላው ፎቅ ይወለውላል፣ የበር እጀታ ያብሳል። ያ የሚወለውለው ሰው ደግሞ ሀብታም አይደለም። ከፊሊፒንስ፣ ከሕንድ፣ ከኢንዶኔዥያ እንጀራ ፍለጋ የመጣ፣ ለወራት ከቤተሰቡ የተለየ ሰው ነው፤ ልክ ከደጋ ወደኛ በረሃ እንደሚወርደው ወጣት። ኑሮው ከባድ ነው፣ ሥራውም ረጅም ነው። ግን ለእሱም የተጻፈ ሕግ አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የባሕር ሠራተኞች ስምምነት የሥራ ሰዓትን ከገደበ በቀን ከ14፣ በሳምንት ከ72 እንዳይበልጥ፣ በዕረፍት ሰዓት ከተቆጠረ ደግሞ በቀን ከ10 እንዳያንስ ይላል። ሕግ ሁሉ ይከበራል ማለቴ አይደለም፤ ግን ሠራተኛው «ይሄ መብቴ ነው» ብሎ የሚጠቅሰው ወረቀት አለው።

ሥርዓቱ ሲሸነፍ ምን እንደሚሆንም አይተናል። እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ዳይመንድ ፕሪንሰስ የተባለችው መርከብ ጃፓን፣ ዮኮሐማ ላይ በኮቪድ ምክንያት ተገልላ ቆመች። ከ3,711 ሰዎች 712ቱ ተያዙ። ያ ሁሉ ቅንጦት፣ ያ ሁሉ ወርቅ መሰል መብራት ቫይረሱን አላስቆመውም። እኔ ከዚህ የምማረው አንድ ነገር ነው፦ ሰው ተጨናንቆ በሚኖርበት ቦታ የሚያድነው ሥርዓት እንጂ ድሎት አይደለም። ሥርዓቱ ከዘገየ ድሎቱ ምንም አይሠራም።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ።

የመተማና የቋራ ሰሊጥ እርሻ ላይ ያለ ካምፕ እኮ መርከብ ነው! በአንድ ሸራ ሥር ብዙ ሰው ያድራል፣ ከአንድ ድስት ይበላል፣ ከአንድ በርሜል ይጠጣል። ከተማው ሩቅ ነው፣ መኪና ካልመጣ መውጫ የለም። ዙሪያው ባሕር ሳይሆን ሰሊጥና ማሽላ ነው፤ ይኸው ነው ልዩነቱ። መርከቡ ላይ ያለው ሥርዓት ግን የለም። መቶ ሰው ባለበት ካምፕ ሦስት ሰው ተቅማጥ ቢይዘው ምን እንላለን? «የውሃ ለውጥ ነው፣ ይለምዱታል።» እዚያ ወረርሽኝ ተብሎ ይመዘገባል፣ እዚህ የውሃ ለውጥ ይባላል። ሦስቱ ዐሥር ሲሆኑ፣ አንዱ አቅሉን ሲስት፣ ያኔ ነው ባጃጅና አይሱዙ የሚፈለገው።

የኛ መርከብ ደግሞ የራሷ የሆነ ሌላ ጣጣ አላት። ወባ አለ። ካላዛር አለ፤ በዋልካ መሬት ስንጥቅ ውስጥ የምትኖረው የአሸዋ ዝንብ ማታ ማታ ግራር ሥር የተኛውን ሰው ትነክሰዋለች። ከደጋ አዲስ የመጣው ወጣት ደግሞ በሽታውን የሚከላከልበት አቅም በሰውነቱ ውስጥ አላዳበረም። ካላዛር ካልታከመ አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል፣ ከታከመ ግን ይድናል። ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ከከሳችሁ፣ በግራ በኩል ሆዳችሁ ካበጠ «ወባ ነው» ብላችሁ ደጋግማችሁ መድኃኒት አትዋጡ፤ ኑና ተመርመሩ።

ባለሀብቶቻችን «አቅም የለንም» ይሉኛል። አከብራቸዋለሁ፣ ግን በዚህ አልስማማም። መዋኛ ገንዳ ሥሩልን ያለ የለም። የሚያስፈልገው ይህ ነው፦

1. የመጠጥ ውሃ ይፈላ ወይም እንደ ውሃ አጋር ያለ ማከሚያ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን ይጨመርበት። የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት ጀሪካን ቢታጠብም የመጠጥ ውሃ አይያዝበት።

2. ከውሃው ቢያንስ 30 ሜትር የራቀ ሽንት ቤት ይቆፈር። አጠገቡ የተበሳ ጀሪካንና ሳሙና ይንጠልጠል። ይህ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

3. ምግብ የሚያበስለው ሰው ተቅማጥ ከያዘው ካቆመለት በኋላ ሁለት ቀን ድስት አይንካ። ደመወዙም አይቆረጥበት፤ ከተቆረጠበት በሽታውን ይደብቃል።

4. ኦአርኤስ ካምፑ ውስጥ ይኑር። ከጠፋ፣ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁሉም ልክክ ብሎ፣ በጥብጣችሁ እያጠጣችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

5. አጎበር ለእያንዳንዱ ሰው ይሰጥ። ፀሐይ ሲበረታ ጥላና ዕረፍት ይኑር።

6. በአንድ ቀን ሁለት ወይም ሦስት ሰው ከታመመ ለጤና ጣቢያ ይደወል። መደወል ነውር አይደለም፤ መደበቅ ነው ነውሩ።

ደግሞ ሒሳቡን አስሉት። ሰሊጥ አይጠብቅም፤ ከደረሰ በኋላ በጊዜ ካልታጨደ ቡቃው ተከፍቶ ይረግፋል። በአጨዳ ሳምንት ሃያ ሰው ቢተኛ የሚረግፈው ሰሊጥ ከሳሙናና ከአጎበር ዋጋ ጋር ይወዳደራል እንዴ? ሰብዓዊነቱን እንኳ ብንተወው፣ ንግዱ ራሱ ይህን ያዛል።

ለወጣቶቹ ደግሞ፦ ከደላላ ጋር ስትስማሙ ስለ ሒሳቡ ብቻ አትጠይቁ። «ውሃው ከየት ነው? ሽንት ቤት አለ? ብታመም ማን ያደርሰኛል?» በሉ። ብዙዎች ሲጠይቁ መልስ መስጠት የግድ ይሆናል።

ያ ወጣት ድኖ ወጥቷል። ሲወጣ «ዶክተር፣ መልሱን አልነገርከኝም» አለኝ። ወንድሜ፣ መልሱ ይኸው፦ እነሱ የማይታመሙ ሆነው አይደለም፤ ሦስት ሰው ሲታመም የሚቆጥር ሰው ስላላቸው ነው። እኛም መቁጠር እንጀምር።

እርሻ ላይ ያለ ወንድም፣ ዘመድ ወይም አሠሪ ካላችሁ ሼር አድርጉለት። ሐሳባችሁንም ጻፉልኝ።

መልካም ጤንነት!