እንግዳ ስንጠራ ፖለቲካውን እንጠይቅ?



ልብስ እየተኮሳችሁ በጆሮ ማዳመጫ የምትሰሙትን፣ በስልክ ቀድተን የምንልክላችሁን ጭውውት ለማዘጋጀት ባለፈው ወር ተሰብስበን ነበር። በቤት ሥራ ብዙ ዓመት የቆየች፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣውን የኳታር የቤት ሠራተኞች ሕግ ጠንቅቃ የምታውቅ እኅት እንድትጋበዝ ሐሳብ ቀረበ። ወዲያው አንዷ፣ «እርሷ በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ የእነ እገሌ ደጋፊ ነበረች፤ እርሷ ካለችበት እኔ አልሰማም» አለች። እኔም ጠብ ፈርቼ ዝም አልሁ፤ እንግዳዋም ቀረች።

ዝምታዬ ይቆጨኛል። ያቺ እኅት ልትነግረን የነበረው ስለ ጦርነቱ አይደለም። ሠራተኛዋ ካልተስማማች በቀር ሥራ በቀን ከ10 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት፣ በዓመት 3 ሳምንት ፈቃድ እንዳላት፣ ስትሰናበትም ለእያንዳንዱ ዓመት ቢያንስ የ3 ሳምንት ደመወዝ እንደሚገባት ነበር። እዚሁ አል ዋክራ ማዳም ቤት ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት የምትለፋ ልጅ፣ የመቀሌም ትሁን የጎንደር ወይም የጅማ፣ ይህን ሳትሰማ ቀረች።

መዓዛ ብሩ በ2000 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው ሸገር ኤፍ.ኤም. 102.1 በ«የጨዋታ እንግዳ» በፖለቲካ የማይገናኙ ሰዎችን ልጅነታቸውንና ሥራቸውን ስትጠይቅ ብዙዎቻችን ሰምተናል። ገነት አየለም ሐራሬ ሄዳ መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን አነጋግራ በ1994 ዓ.ም. መጽሐፍ አውጥታለች። በቀይ ሽብር ልጃቸውን ላጡ እናቶች ይህ ቀላል እንዳልነበረ አስባለሁ። ሰውየው ምን እንደሚል ግን ያነበበው ሁሉ ራሱ ፈረደ።

ማንም ይምጣ ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 በሩዋንዳ ሚል ኮሊን የተባለው ሬዲዮ ሰዎችን በስም እየጠራ አስገድሏል። ወገንን በሙሉ በረሮ ብሎ የሚሳደብ፣ ግደሉ የሚል ሰው ስለ ወጥ አሠራር ሊያወራ ቢመጣ እንኳ ማይክ አልሰጠውም፤ ይህ የፖለቲካ አመለካከት አይባልም። ጭውውቱ ስለ ጦርነቱ ከሆነ ደግሞ የእንግዳው አቋም በግልጽ ይነገር፣ ሌላውም ወገን ይጠራ።

የተቃወመችውን እኅት አልወቅሳትም፤ በዚያ ጦርነት ወንድሟን ቀብራለች። እርሷ ባትሰማ መብቷ ነው። ሌሎቹ እንዳይሰሙ መከልከል ግን የእርሷም የእኔም ሥልጣን አልነበረም።

በሚቀጥለው ስብሰባ የቀረችውን እንግዳ ስም እንደገና አነሣለሁ። የምትጠይቋት ካለ እስከ ዓርብ ላኩልኝ፤ ስለ ዓመት ፈቃድ የመጡ ሦስት ጥያቄዎች በእጄ አሉ።