ጤፍና ፀሐይ አለን ስለሚለው ትምክሕት

የአጥንት ጤንነት ነገር በተነሣ ቁጥር ከአዲስ አበባ እስከ ጭሮ፣ ከጭሮም እስከ ገለምሶ የሚደጋገም አንድ ትምክሕት አለ፤ ይኸውም ጤፍ የሚበላና ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ የሚሞቅ ሕዝብ አጥንቱ አይደክምም፣ ሴሊያክ የሚባለውም ደዌ ስንዴ ለሚያዘወትሩት የባሕር ማዶ ሰዎች የተጻፈ ዕዳ እንጂ እኛን አይመለከትም የሚል ነው። ይህ አባባል ግማሹ እውነት በመሆኑ ከተራ ሐሰት ይልቅ ይጎዳል፤ የታመመውን ሰው ከምርመራ ያዘናጋዋል፣ የተመረመረውንም ቢሆን ከመድኃኒት ቤት የገዛውን የካልሲየም ክኒን በገብስ ገንፎ እያወራረደ እንዲኖር ያደርገዋልና።

ሴሊያክ ማለት በስንዴ፣ በገብስና ራይ በሚባለው እህል ውስጥ የሚገኘው ግሉተን ወደ ትንሹ አንጀት በወረደ ጊዜ፣ የሰውየው የገዛ ራሱ የመከላከያ ኃይል ተነሥቶ የአንጀቱን ውስጠኛ ገጽ የሚያፈርስበት ሕማም ነው። ነገሩን የገለጠው ዊለም ዲከ የተባለ የሆላንድ የሕፃናት ሐኪም ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1945 በነበረው የረኃብ ክረምት ዳቦ ከአገሩ በጠፋ ጊዜ ሕሙማኑ ሕፃናት ሲያገግሙ፣ ዳቦው በተመለሰ ጊዜም ደዌአቸው ሲያገረሽባቸው ማየቱ አስቀድሞ የጠረጠረውን አጸናለት፤ በ1950ም በዚሁ ጉዳይ ላይ የዶክትሬት ድርሳኑን አቀረበ። ከአጥንት ጋር የሚያገናኘው ምክንያትም ይህ ነው፤ ካልሲየም በተለይ የሚጠባው በትንሹ አንጀት የመጀመሪያ ክፍል ነውና፣ ያ ክፍል ሲቆስል የተበላው ሁሉ ኬላው እንደተዘጋበት ነጋዴ ሳይገባ ይመለሳል፤ ከቅባት ጋር የሚሰርገው ቫይታሚን ዲም እንዲሁ ይባክናል። በአንገት ውስጥ ያሉት ደቃቃን ዕጢዎች ግን ደም ካልሲየም እንዲጎድልበት አይፈቅዱምና፣ የጎደለውን ከአጥንት እየፈለቀቁ ያሟላሉ። ስለዚህ ተቅማጥና የሆድ መነፋት ያላየ ሰው እንኳ፣ የሕማሙን ምልክት መጀመሪያ የሚያገኘው በደም ማነስ ወይም በቀላል ውድቀት በተሰበረ አጥንት ሊሆን ይችላል።

ስለ ጤፍ የሚነገረው ምስጋና እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የሆላንድ ተመራማሪዎች 14 የጤፍ ዝርያዎችን መርምረው ሴሊያክን የሚቀሰቅሰው ግሉተን እንደሌለባቸው በታወቀው የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ አስታውቀዋል፤ ከዚያው አገር የተነሣ ኩባንያም የጤፍን ዱቄት በባለቤትነት ማስመዝገቡ፣ የሄግ ፍርድ ቤትም ያንን መብት እ.ኤ.አ. በ2018 ዋጋ ቢስ ማድረጉ የሚታወስ ነው። 100 ግራም የጤፍ እህል ወደ 180 ሚሊግራም ካልሲየም ይይዛል፤ ይህም ለእህል ብዙ ነው። ነገር ግን ይህን ውዳሴ ለገለምሶ ሰው ማንበብ የማን መሶብ እንደሆነ ሳይጠይቁ መመረቅ ነው፤ ገለምሶ ያለችበት የምዕራብ ሐረርጌው የሐብሮ ወረዳ ገበሬ የሚዘራውና የሚበላው በአብዛኛው ማሽላና በቆሎ እንጂ ጤፍ አይደለምና። ማሽላ ከግሉተን ንጹሕ ነው፤ ካልሲየሙ ግን በ100 ግራም ከ30 ሚሊግራም ብዙም አይዘልም፣ ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው የሚያስፈልገው ደግሞ በቀን 1,000 ሚሊግራም ያህል ነው። መርዝ የሌለበት ምግብ ሁሉ አጥንትን ይመግባል ማለት አይደለም፤ ትምክሕተኞቻችን የሚስቱት ይህን ነው።

ንጽሕናውም ቢሆን የሚጠበቀው እስከ ወፍጮ ቤት ደጃፍ ድረስ ብቻ ነው። በምዕራብ ሐረርጌ ድርቅ በተመላለሰ ቁጥር በሴፍቲኔትና በዕርዳታ የሚታደለው ስንዴ ከማሽላው ጋር በአንድ ተራ ይሰለፋል፤ ፊተኛይቱ ሴት ስንዴዋን አስፈጭታ ከረጢቷን ሳትቋጥር የኋለኛይቱ ማሽላ ይገለበጣል፣ በድንጋዩ መካከልና በቋቱ ጥግ የቀረው የስንዴ ዱቄትም ከማሽላው ጋር ተደባልቆ ይወርዳል። ግሉተን የለበትም ለሚባል ምግብ በዓለም አቀፍ ደንብ የተወሰነው ልክ በአንድ ኪሎ ከ20 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ነው፤ ከቋት የሚቀረው አንድ እፍኝ የስንዴ ዱቄት ይህን ልክ በብዙ እጥፍ ያሳልፋል። በገበያ የሚሸጠው እንጀራም ገብስ ወይም ስንዴ ተደባልቆበት እንደሆነ ዓይን አይለየውም። እንግዲህ ሐኪሙ «እንጀራ ብላ» ብሎ ሕሙሙን ሲያሰናብት፣ ከየትኛው ወፍጮ የወጣ እንጀራ እንደሆነ ካልጠየቀ ግማሽ ትእዛዝ አዝዟል።

ይልቁንም የሚያሳዝነው ለአጥንት ብለን የምናቀርበው ድግስ ነው። አጥንቱ የተሰበረ ሰው በወጌሻ እጅ ከታሸና ከታሰረ በኋላ፣ ዘመድ የሚያመጣለት ብርታት ምንድር ነው ቢባል በቅቤ የራሰ የገብስ ገንፎ፣ በሶ፣ ቂንጬ ነው፤ አራስም የምትጠገነው በዚሁ ነው። ገብስን የእህል ንጉሥ አድርገን ስለምናከብረው፣ ጠያቂ ሁሉ የሚሰነዝረው ምርቃት «አጥንት ይጠግናል» የሚል ነው፤ ሴሊያክ ላለበት ሰው ግን ያ ሳህን አንጀቱን ዳግመኛ የሚያቆስል፣ አጥንቱንም ከነበረበት የሚያወርድ ነው። ፍቅር ያቀረበውን ማዕድ እምቢ ማለት በእኛ ዘንድ እንደ ስድብ ይቆጠራልና፣ ሕሙሙ ዐውቆም ቢሆን አንድ ጉርሻ ይቀበላል፤ ጉርሻው ግን ቂሙን አይረሳም። ገንፎውን ከተለየ ወፍጮ በወጣ በማሽላ ወይም በጤፍ ዱቄት መሥራት የባህልን አጥር አያፈርስም፤ ቅቤውም እንደ ነበረ ይኑር።

የፀሐዩ ትምክሕት ባጭሩ ይመለሳል። «የ13 ወር ፀጋ» ብለን በምንኮራባት አገር፣ በአዳማ ዙሪያ ባሉ ተማሪዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ከመቶ 42ቱ ቫይታሚን ዲ እንደጎደላቸው አሳይቷል፤ ከከተማዎቹ ልጆች ከመቶ 61.8፣ ከገጠሮቹ ደግሞ 21.2 ነበሩ። አንጀታቸው ደኅና የሆነ ልጆች እንዲህ ከሆኑ፣ ከምግብ የሚያገኘው ቫይታሚን የሚባክንበት ሕሙም «ፀሐይ አለኝ» ብሎ ሊታመን አይገባውም፤ ፀሐይ የሚጠቅመው ቆዳን ሲያገኝ እንጂ በጣራና በልብስ ላይ ሲወድቅ አይደለም።

አሁን ወደ ክኒኑ እንምጣ። ክኒን በራሱ ክፉ አይደለም፤ በደም ምርመራ ጉድለቱ ለታወቀ ሰው ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ መታዘዙ ተገቢ ነው። የምነቅፈው የሚሸጥበትን ሁኔታ ነው፤ «ጉልበቴን ያመኛል» ላለ ሁሉ ስለሚበላው ሳይጠየቅ ከመደርደሪያ ወርዶ ይሰጠዋል፣ እርሱም ጠዋት በዳቦ፣ ማታ በመኮሮኒ ይውጠዋል። በሣጥኑ ላይ 1,250 ሚሊግራም ካልሲየም ካርቦኔት የሚል ጽሕፈት ያየ ሰው የዕለቱን ፍላጎት ያሟላ ይመስለዋል፤ በውስጡ ያለው ካልሲየም ግን 500 ሚሊግራም ነው። አንጀትም በአንድ ጊዜ ከዚህ የበዛውን በደንብ አይቀበልምና፣ ከዚያ በላይ የታዘዘለት ሰው ከፋፍሎ ከምግብ ጋር ሊውጠው ይገባል፤ ለደም ማነስ የታዘዘ የብረት ክኒንም ካለ በሌላ ሰዓት ይሁን፣ ካልሲየም ያግደዋልና። ቫይታሚን ዲንም ያለ ልክ መጨመር በደም ውስጥ ካልሲየምን አብዝቶ ኩላሊትን እንደሚጎዳ መናገር የባለ መድኃኒት ቤቱ ግዴታ ነው። አንዳንዱ ክኒን ራሱ በስንዴ ስታርች ሊጋገር እንደሚችል ግን ስንቱ ያስባል? ግሉተን ከማዕድ ሳይወጣ የሚዋጥ ካልሲየም በአብዛኛው ለመፀዳጃ ቤት የሚከፈል ግብር ነው፤ ግሉተን በወጣ ጊዜ ግን አንጀቱ ያገግማል፣ በብዙዎችም ዘንድ የአጥንቱ ጥግግት በተለይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይሻሻላል።

የካልሲየም ነገር በገለምሶ ገበያ ያለ ክኒንም ቢሆን ብዙ መንገድ አለው። የላም ወተት፣ ከቆላው የሚወጣው የግመል ወተት፣ ሆጃ የሚባለው ወተት የገባበት መጠጥ፣ ሰሊጥና ጎመን ሁሉ ንጹሓን ናቸው፤ ቆስጣ ግን በውስጡ ያለው ኦክሳሌት ካልሲየሙን ስለሚይዘው የጎመንን ያህል አይረዳም። በዚህ መንገድ ላይ ሁለት መሰናክሎች ይጋረጣሉ። አንዱ ጾም ነው፤ ከወተት የሚከለክሉት የኦርቶዶክስ አጽዋማት በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይሆናሉ፣ ነገር ግን ሕሙም በንስሐ አባቱ ፈቃድ እንደሚፈታ፣ ሙስሊሙም ሕመምተኛ በረመዳን ከጾም ነፃ እንደሚሆን ሁለቱም ሃይማኖቶች የፈቀዱት ስለሆነ፣ ሰውየው ከሃይማኖቱ የበለጠ ጥብቅ ሊሆን አይገባም። ሁለተኛው ጫት ነው፤ የገለምሶ ጫት ስሙ እስከ አዲስ አበባ የሚጠራ መሆኑን አንክድም፣ ከሰዓት በኋላውን ሁሉ በበርጫ የሚያሳልፍ ሰው ግን የምግብ ፍላጎቱ ስለሚጠፋ ራቱን ሳይበላ ያድራል፣ የተዳከመ አጥንትም በባዶ ሆድ አይጠገንም።

ከዚህ ሁሉ በተቃራኒ በከተማ ሊቃውንት መካከል የገባ አንድ አዲስ ልማድም አለ፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰዎች ስለ ግሉተን በሰሙ ማግስት ሳይመረመሩ ስንዴን ይተዋሉ። ይህ ጥንቃቄ ይመስላል፤ ነገር ግን ለሴሊያክ የሚደረገው የደም ምርመራና የአንጀት ናሙና የሚነበበው ሰውየው ግሉተን እየበላ ሳለ ነው፤ ከወራት በፊት ትቶት የመጣ ሰው ደሙ ንጹሕ መስሎ ይታያል፣ ሐኪሙም «የለብህም» ብሎ ያሰናብተዋል። ስለዚህ ጥርጣሬ ያደረበት ሰው መጀመሪያ የሚሄድበት የምርመራ ክፍል ነው፤ ውጤቱን በእጁ ይዞ ከወጣ በኋላ ወደ ወፍጮ ቤቱ ይሂድና ማሽላው ከስንዴ በፊት፣ ድንጋዩ ከተጠረገ በኋላ እንዲፈጭለት ይጠይቅ።