ከተወሰነ በኋላ አትጥሩን

ለ፦ በደብረ ብርሃን ከተማና በአንኮበር ወረዳ ነዋሪውን ለስብሰባ ለምትጠሩ የቀጠና፣ የቀበሌና የወረዳ ኃላፊዎች

ጉዳዩ፦ ነዋሪን ስለምታሳትፉበት አሠራር



ይህ ደብዳቤ በአንድ ሰው ወይም በአንድ ቀበሌ ላይ የቀረበ ክስ አይደለም። ሹም ሲቀያየር አብሮ ያልተቀየረ አሠራር አለ፤ የምወቅሰው እርሱን ነው። ነዋሪው የሚጠራው ነገሩ ካለቀለት በኋላ ነው። ተጠርቶ የተናገረው የት እንደደረሰም ተመልሶ የሚነግረው የለም።

አካሄዱን ሁላችንም በቃላችን ይዘነዋል። በዋዜማው ማታ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት በቀበሌው በር ላይ ይለጠፋል፦ «ነገ ከጠዋቱ 2፡00 ሰዓት አስቸኳይ ስብሰባ ስላለ ሁላችሁም እንድትገኙ።» ስለ ምን እንደሆነ አይልም። 2፡00 የተባለው 3፡30 ላይ ይጀመራል። በደብረ ብርሃን የጠዋት ብርድ የመጡ አረጋውያን ጋቢያቸውን ተከናንበው ይጠብቃሉ። ከሁሉ ቀድሞ የሚዞረው አቴንዳንስ ነው፤ ወንድ ይህን ያህል፣ ሴት ይህን ያህል፣ ድምር ይህን ያህል ተብሎ ወደ ላይ የሚላከው እርሱ ነውና። ቀጥሎ ረጅም ሪፖርት ይነበባል። መዋጮው የሚነሳው መጨረሻ ላይ፣ ሰው ሁሉ ለመሄድ ሲቁነጠነጥ ነው።

አንድ ጊዜ ከቃለ ጉባኤ ያዡ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። አንዲት እናት እጃቸውን አወጡና፣ «አምና ለጎርፍ መውረጃው ቦይ ያዋጣነው ብር የት ደረሰ? ክረምት በገባ ቁጥር ውሃው ዛሬም ቤቴ ይገባል» አሉ። ሰብሳቢው በትሕትና፣ «እናታችን፣ ጥያቄዎን ተቀብለናል፤ ለሚመለከተው አካል እናቀርባለን» አላቸው። የጸሐፊው እስክሪብቶ ግን አልተንቀሳቀሰም። ስብሰባው ሲያልቅ ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ሰፈረ፦ ተሳታፊው ዕቅዱን በሙሉ ድምፅ ደግፏል። እናታችንም ከደጋፊዎቹ ተቆጠሩ።

ሕጉ እንዲህ አይልም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፣ በአንቀጽ 43 ደግሞ ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚነኩ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ ይደነግጋል። አንቀጽ 50 ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 590 መረጃ ለጠየቀ ሰው በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጠው ይላል። የከተማ ቀበሌም ቢሆን መነሻው ሌላ ነበር። በሐምሌ 1967 የታወጀው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ያቋቋመው የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ነው። ማኅበሩ ብዙም ሳይቆይ ትእዛዝ ማውረጃ ሆነ፤ መንግሥት ቢለወጥም ያ ጠባዩ አልለቀቀውም።

«ሕዝቡን ብንጠራውም አይመጣም» የምትሉት ነገር አለ። ይህ ሕዝብ ግን ሲጠራ የሚመጣ ሕዝብ ነው። በ2013 ዓ.ም. የአጣዬ ከተማ ስትቃጠል፣ ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ከወለጋ የተፈናቀሉ ወገኖች ሲመጡ፣ የደብረ ብርሃን ሰው ካለችው ላይ ቀንሶ አካፍሏል። በኅዳር 2014 የሰሜኑ ጦርነት ደብረ ሲና ሲደርስ ለስንቅ ቆሎ ስትቆላና በሶ ስትፈጭ ያደረች እናት አቴንዳንስ አልፈረመችም። እድሩንም ተመልከቱ። ጸሐፊው ያለፈውን ወር ቃለ ጉባኤ ሳያነብ ወሬ አይጀመርም፤ ገንዘብ ያዡ ገቢና ወጪውን ይናገራል፤ ለድንኳን ጥገና የወጣች ብር ከጎደለች ዳኛው ፊት ክርክር ይነሳል። «እድር ቅጣት ስላለው ነው» ትሉ ይሆናል። ቅጣቱ አለ፤ ነገር ግን መታወቂያ ሊያሳድስ ሄዶ «ከስብሰባ ለምን ቀረህ?» የተባለ ሰውም አለ። በቅጣት ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀበሌውም አዳራሹ በሞላለት። ሰው እድሩን የማይተወው ብሩ የት እንደገባ ስለሚያውቅ ነው።

ወደ አንኮበር ስንወርድ ነገሩ ይብሳል። በየዓመቱ ከጥር ጀምሮ ገበሬው ለተፋሰስ ሥራ ይወጣል፤ እርከን ይሠራል፣ ድንጋይ ይሸከማል፣ በነጻ ነው። ስንት ሄክታር እንደሚሸፈን ግን ከላይ በዕቅድ ይወርዳል። ጎርፉ በየት በኩል እንደሚገባ፣ የትኛው ቁልቁለት አምና እንደተናደ የሚያውቀው ባለማሳው ነው፤ እርሱ የሚጠየቀው አካፋና ዶማ ይዞ እንዲመጣ ነው። ከአልዩ አምባ በኩል ያለ ሰው ደግሞ ወደ ወረዳው ከተማ ጎረቤላ ለስብሰባ ተጠርቶ ያንን ዳገት ወጥቶ ሲመለስ ቀኑ አለቀ ማለት ነው። ሥራ ፈትቶ የመጣ ሰው ፊት አንድ ሙሉ ቀን መግለጫ ማንበብ ግፍ ነው።

ይህ አሠራር ለእናንተም አይበጅም። ደብረ ብርሃን ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የኢንዱስትሪ ፓርክ ያላት፣ የሬጂዮፖሊታን ከተማነት ደረጃ የተሰጣት፣ በየአቅጣጫው ወደ ገበሬው ማሳ የምትሰፋ ከተማ ናት። የመንገድ፣ የውሃ፣ የካሳና የመሪ ፕላን ውሳኔ ከእንግዲህ ይበዛል እንጂ አያንስም። ሰው ከቀበሌ ያልሰማውን ቡና ላይ ይሰማል፤ በዚህ አስጨናቂ ጊዜ ደግሞ ወሬ ምን እንደሚያደርስ አይታችኋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ነገሩ ከተበላሸ በኋላ «ሕዝቡ የተሳሳተ መረጃ ደርሶት ነው» ማለት ጥቅም የለውም።

ስለዚህ የምጠይቀው የማይቻል ነገር አይደለም።

አንደኛ፣ ስብሰባ ቢያንስ ከሳምንት በፊት ይነገር፤ አጀንዳውም አብሮ ይጻፍ። ወረቀቱ በቀበሌ በር ብቻ አይቅር፤ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ በገበያ ቀንና በየእድሩ ይነገር። ሰዓቱም እንጀራ የምትጋግረውን፣ የቀን ሥራ የሚውለውንና የፋብሪካ ሽፍት የሚገባውን ያገናዘበ ይሁን።

ሁለተኛ፣ ዕቅዱ ከመጽደቁ በፊት አማራጩ ይቅረብልን። ያለው ብር ለኮብልስቶን ነው ወይስ ለቦይ የሚበቃው? የቱ መንገድ ይቅደም? በብራዚሏ ፖርቶ አሌግሬ ከተማ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለብዙ ዓመታት የሰፈር ሰው ተሰብስቦ የከተማው በጀት ከፊሉ የት እንደሚውል ሲመርጥ ኖሯል፤ ብዙዎቹ ድሆች ነበሩ። ስለ ሰፈራችን ቦይ መምረጥ ለእኛ አይከብደንም።

ሦስተኛ፣ ሒሳቡ ይለጠፍ። በ1998 ዓ.ም. መሠረታዊ አገልግሎቶችን ለመደገፍ የተጀመረው አገር አቀፍ ፕሮግራም ወረዳዎች በጀታቸውን ማንም ሊረዳው በሚችል ሠንጠረዥ በማስታወቂያ ሰሌዳ እንዲለጥፉ ሲያበረታታ ነበር፤ ስለዚህ አዲስ ነገር አልጠየቅሁም። ሥራውን ማን እንደያዘው፣ ስንት እንደፈጀ፣ ነዋሪው ስንት እንዳዋጣና መቼ እንደሚያልቅ አንድ ገጽ ይበቃዋል። ተቆጣጣሪ ኮሚቴውንም እድሮቹ ይምረጡት፤ በእናንተ አይመረጥ።

አራተኛውና ዋናው፣ ማንኛውም ስብሰባ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ በማንበብ ይጀመር። ማን ምን ጠየቀ? ምን ተደረገለት? ያልተደረገውስ ለምን? «አልቻልንም፣ በጀት የለም» ማለት ነውር የለበትም። የሚያስቀይመው ዝምታው ነው።

እነዚህን ለመፈጸም ከክልል መመሪያ መጠበቅም ሆነ ተጨማሪ በጀት መጠየቅ አያስፈልግም። የሚቀጥለው ስብሰባ ላይ መጀመር ይቻላል። እስከዚያው ግን መዋጮ ስንጠየቅ በትሕትና የምንመልሰው አንድ ነው፦ አስቀድማችሁ የአምናውን ሒሳብ አንብቡልን።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የደብረ ብርሃን ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለየሰፈሩ እድር ዳኞችና ጸሐፊዎች