ቅቅል ለምን ይናቃል?

በካርቱም በኖርን ሐበሾች ዘንድ ሥር የሰደደ አንድ አመለካከት አለ፤ ቅቅልና ሾርባ የበሽተኛና የአራስ እንጂ የቤተሰብ ማዕድ አይደሉም ይባላል። ቀይ ወጥ ካልቀረበ «ባህላችን ተረሳ» እያለ የሚያማርር አባወራ ጥቂት አይደለም። ይህ አስተሳሰብ የተሳሳተ ብቻ ሳይሆን ፍትሕም የጎደለው ነው።

በመጀመሪያ ታሪኩን እንመርምር። በርበሬ የአሜሪካ ምድር ተክል ሲሆን ወደ ቀረው ዓለም የተሠራጨው ከ1492 እ.ኤ.አ. በኋላ ነው። እንግዲህ ጥንታዊ የምንለው ቀይ ወጥ በዛሬ መልኩ ከዚያ በፊት ሊኖር አይችልም። ሥጋን ከነአጥንቱ መቀቀል ግን ከዚያ እጅግ ይቀድማል። ባህል በዕድሜ የሚመዘን ከሆነ ሚዛኑ ወደ ቅቅል ያደላል።

ጎረቤቶቻችንንም እንይ። ሱዳናውያን ከማሽላ ሊጥ አቡክተው በሚጋግሩት ኪስራ ሙላህ ይበላሉ፤ ከደረቀ ባምያ ዱቄት፣ ከዌካ፣ እንዲሁም እንደ ቋንጣችን ከደረቀ ሥጋ የሚሠራ ነው። «ሙላህ»ን ወደ አማርኛ ለመመለስ «ወጥ» ከማለት የቀረበ ቃል የለንም። የከብት እግር ሾርባቸውንም፣ ከዋሪዕን፣ ጤነኛው ሁሉ ይጠጣዋል እንጂ ለበሽተኛ አይተዉትም።

ዋናው ነገር ግን ድካሙን የሚሸከመው ማን ነው የሚለው ነው። ዶሮ ወጥ ሽንኩርቱ በደቃቁ ተከትፎ፣ ለረጅም ሰዓት ቁሌቱ ተማስሎ፣ 12ቱ ብልት አንድ በአንድ ታጥቦ የሚደርስ ምግብ ነው። በዚህች ከተማ ስንቶቹ እኅቶቻችን ቀኑን ሙሉ በሰው ማድ ቤት ሲያበስሉ ወይም በመንገድ ዳር ሻይ ሲሸጡ ውለው ይገቡ ነበር? እንዲህ ከዋለች ሴት ማታ ቁሌት መጠበቅ ባህልን ማክበር አይባልም። በድግስ አዳራሽ ሙያዋን እያሞገሱ በቤት መገሠጽ «የውጭ አልጋ የቤት ቀጋ» መሆን ነው።

ቅቅል የሚጠይቀው አጥንት ያለው ሥጋ፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ እርድ፣ ጨውና ቃሪያ ነው። አረፋውን መግፈፍና እሳቱን መቀነስ ለወንድም ለልጅም አይከብድም።

ዶሮ ወጥ ይቅር የሚል የለም፤ ለፋሲካና ለገና ይሠራ። የበዓልን ምግብ የዘወትር ግዴታ ማድረግ ግን ይቅር።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት በተነሣ ጊዜ የየሰፈሩ ሰዎች በጋራ ማድ ቤቶች፣ በተካያ፣ ምስርና ፉል እየቀቀሉ የተራበውን መግበዋል። ከተማዋን የያዘው ይኸው ተራ ድስት ነበር። ከእኛም ወገን በመተማ በኩል የተመለሱት ብዙዎች ድስታቸውን እንኳ ይዘው አልወጡም፤ የቀራቸው የእጅ ሙያ ነው። ይህ ሙያ በእናት እጅ ብቻ ከቀረ ከእርሷ ጋር ያልፋል። ስለዚህ በያለንበት አባወራው ዛሬ ማታ ሽንኩርቱን ይላጥ፤ ልጁም ድስቱን ይጣድ።