መቆጣጠሪያውን አጥንቶ ለሚመጣ አሻጥር፦ የመድኃኒት አቅርቦት ሰንሰለት ደኅንነት

ስለ መድኃኒት አቅርቦት ሰንሰለት የሚደረጉ ጥናቶች በአብዛኛው የሚያተኩሩት በእጥረት፣ በብክነትና በአከመቻቸት ጉድለት ላይ ነው። እነዚህ ችግሮች በዋናነት ከስሕተትና ከአቅም ማነስ የሚመነጩ ናቸው። አሻጥር ግን የተለየ ባሕርይ አለው፤ ፈጻሚው መቆጣጠሪያውን አስቀድሞ አጥንቶ ይመጣልና።

ለዚህ የሄፓሪን ጉዳይ ዋነኛ ምስክር ነው። ሄፓሪን ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ፣ ጥሬ ዕቃው በአብዛኛው ከአሳማ አንጀት የሚገኝ መድኃኒት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 መጨረሻና በ2008 መጀመሪያ፣ በአሜሪካ መድኃኒቱን የወሰዱ ሕሙማን የደም ግፊታቸው በድንገት ይወርድ ጀመር፤ በርካቶችም ሞቱ። በምርመራው ከቻይና በመጣው ጥሬ ዕቃ ውስጥ ከመጠን በላይ ሰልፌት የተጨመረበት ኮንድሮይቲን ሰልፌት የተባለ ርካሽ ውሁድ ተገኘ። በወቅቱ የነበረው ፍተሻ የሚለካው የደም መርጋትን የመከላከል ኃይልን ነበር፤ ባዕዱ ውሁድም ይህንኑ ኃይል ስለሚያሳይ ሳይታወቅ አለፈ። የተጋለጠው እንደ ኒውክሌር ማግኔቲክ ሬዞናንስ ያሉ የውሁዱን ማንነት የሚለዩ ዘዴዎች ሥራ ላይ ሲውሉ ነው። ቀደም ሲል በቻይና የተከሠተ የአሳማ በሽታ ጥሬ ዕቃውን አስወድዶት ነበር፤ ምልክቱ ከቤተ ሙከራ በፊት በገበያ ላይ ታይቶ ነበር ማለት ነው።

አደጋው በብልቃጥ ውስጥ ብቻ አይወሰንም። እ.ኤ.አ. በ2017 ኖትፔትያ የተባለው የኮምፒውተር ጥቃት የመርክ ኩባንያን ምርት አስተጓጎለ። ኩባንያውም የጋርዳሲል ክትባትን ፍላጎት ለማሟላት ከአሜሪካ መንግሥት ክምችት ተበደረ። አንድም ብልቃጥ ሳይበከል አቅርቦቱ ተናጋ።

አብዛኛውን መድኃኒቷን ከውጭ ለምታስገባው ኢትዮጵያ ትምህርቱ ቅርብ ነው። እያንዳንዱን ምርት በረቀቀ መሣሪያ መፈተሽ ውድ ነው የሚለው መከራከሪያ እውነትነት አለው። መልሱ ግን ፍተሻን መተው ሳይሆን መምረጥ ነው። ጥሬ ዕቃቸው በድንገት የተወደደ፣ መደበኛ ፍተሻቸውም ማንነትን ሳይሆን ኃይልን ብቻ የሚለካ የመርፌ መድኃኒቶች ቅድሚያ ይሰጣቸው። ምዝገባውም ከአምራቹ አልፎ እስከ ጥሬ ዕቃው ምንጭ ይዝለቅ። መጋዘኖችም የመረጃ ሥርዓታቸው ቢቋረጥ መድኃኒት ማሰራጨት የሚያስችላቸውን አማራጭ አስቀድመው ይለማመዱ።

ተመራማሪዎችም ሰንሰለቱ የት ሊሳሳት እንደሚችል ብቻ ሳይሆን፣ ክፉ ያሰበ ሰው በየት በኩል ሊገባ እንደሚችል መጠየቅ ይገባናል። ሁለተኛውን ጥያቄ የተወ ጥናት ለሕሙማን የሚሰጠው ዋስትና ግማሽ ነው።