የድመቷ ምላስ የማይደርስበት ጸጉር

በወላይታ ዞን፣ ከሶዶ ከተማ አንሥቶ እስከ ሃላሌ ድረስ፣ ድመት በየቤቱ የምትኖረው በአብዛኛው ሥራ ስላላት ነው። በቆሎውን ከአይጥ ትጠብቃለች፤ በምላሹም ትመገባለች። ከዚህ አልፎ «ድመት ትበጠር» የሚል ሰው ቢነሣ ይሳቅበታል። «የሰው ጸጉር ሳይበጠር የድመት?» የሚል ጥያቄ በመምህራን ክበብ ውስጥ ሳይቀር ቀርቦልናል። ጥያቄው ለቀልድ የተሰነዘረ ቢሆንም መልስ የሚገባው መስሎ ታይቶናል፤ ረጅም ጸጉር ያላት ድመት ካልተበጠረች ትታመማለችና።

በቅድሚያ አንድ ተቃውሞ እንመልከት። «የአገራችን ድመት አጭር ጸጉር ናት፤ ረጅሙ የፈረንጅ ነገር ነው» ይባላል። የመጀመሪያው አባባል በአብዛኛው እውነት ነው። ሁለተኛው ግን ሜንዴልን መዘንጋት ነው። ጸጉር እድገቱን በጊዜው እንዲያቆም የሚያዝ ኤፍ.ጂ.ኤፍ.5 የተባለ ጂን አለ። ይህ ጂን ሲበላሽ ጸጉሩ ማቆሚያውን አጥቶ ይረዝማል። ይህ በድመት ላይ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ጠባዩ ከእናትም ከአባትም ካልተወረሰ አይገለጥም። ስለዚህ ሁለቱም አጭር ጸጉር የሆኑ፣ ነገር ግን የተበላሸውን ጂን በስውር የተሸከሙ ወላጆች ከሚያፈሩት ግልገል እያንዳንዱ ረጅም ጸጉር የመሆን ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ጂኑ በአካባቢው ካለ፣ ሃላሌ ውስጥ በአንድ ገበሬ ጎተራ ሥር እንዲህ ያለች ግልገል ብትወለድ ተአምር አይሆንም ማለት ነው።

በስማችን በተጠራችው ድመት ላይ የደረሰውም ይኸው ነው። «አቢሲኒያን» የምትባለው ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1868፣ በእኛ አቆጣጠር በ1860፣ ከመቅደላ ዘመቻ የተመለሱ እንግሊዛውያን ይዘዋት ሄዱ ተብሎ ይተረካል። የዘር ጥናቶች ግን ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻና ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ያመለክታሉ። ለጉዳያችን የሚጠቅመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ከአጭር ጸጉር አቢሲኒያን ወላጆች አልፎ አልፎ ረጅም ጸጉር ግልገሎች ይወለዱ ነበር፤ አርቢዎችም እንደ ጉድለት ቆጥረው ያገሏቸው ነበር። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካውያን አርቢዎች ራሷን የቻለች ዝርያ አደረጓት፤ ስሟንም «ሶማሊ» አሉ። ምክንያቱ ሶማሊያ የኢትዮጵያ ጎረቤት መሆኗ ብቻ ነው። ስሟ የተገኘው ከካርታ እንጂ ከሞቃዲሾ አይደለም።

«ድመት ራሷን ትልሳለች፤ ሰው ምን አገባው?» የሚለው ጥያቄ ከዚህ የከበደ ነው። ለዚህ ጥሩ መልስ የሰጡት አሌክሲስ ኖኤልና ዴቪድ ሁ የተባሉ የጆርጂያ ቴክ ተመራማሪዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት ከቤት ድመት እስከ አንበሳና ነብር የስድስት ዝርያዎችን ምላስ መረመሩ። የድመትን ምላስ እንደ ሞረድ ሻካራ የሚያደርጉት እሾህ መሰል ጉብታዎች ጫፋቸው እንደ ማንካ የተቦረቦረ ሆኖ ተገኘ። በዚያች ቦርቧራ ውስጥ ምራቅ በገጽ ውጥረት ኃይል ተይዞ ይወጣል፤ ጉብታው ጸጉሩን ሰንጥቆ ሲገባም ምራቁን እስከ ቆዳ ያደርሳል። ውኃ በቀጭን ቱቦ ወደ ላይ ሲሳብ በቤተ ሙከራ ያየ ተማሪ ነገሩን ወዲያው ይረዳዋል። ይህ ምራቅ ያጸዳል፤ ሲተንም ገላን ያቀዘቅዛል።

ተመራማሪዎቹ የጸጉሩን ጥልቀትም ለኩ። ምላስ ሲጫነው ጸጉሩ ይተኛል፤ በአብዛኞቹ ድመቶች ላይ በዚያን ጊዜ ጉብታዎቹ ቆዳውን ይነካሉ። በፐርሺያን ድመት ላይ ግን የተኛው ጸጉር ራሱ ከጉብታው ርዝመት ይበልጣል። ድመቷ ቀኑን ሙሉ ብትልስ ከሥሩ አትደርስም። ያን ጸጉር እየመረጠ ያራባው ሰው ነው። እንግዲህ ምላሷ የማይደርስበትን ሥራ መሥራት የማን ዕዳ ነው? በእኛ እምነት የሰው ነው።

ያልተበጠረ ጸጉር ለምን እንደሚቋጠር ማወቅ ደግሞ አያያዙን ያስተምራል። እያንዳንዱ ጸጉር ላዩ እንደ ሣር ክዳን በተደራረቡ ቅርፊቶች የተሸፈነ ነው። ከሥር ወደ ጫፍ ሲዳሰስ ይለሰልሳል፣ ከጫፍ ወደ ሥር ሲዳሰስ ይሻክራል፤ አንባቢ በራሱ ጸጉር ሊሞክረው ይችላል። ሰበቃው በሁለቱ አቅጣጫ እኩል ስላልሆነ፣ የድመቷ እንቅስቃሴ ስስ የሆኑትን የውስጥ ጸጉሮች ወደ አንድ ወገን ብቻ እየገፋ ያጠላልፋቸዋል፤ ወደ ኋላም አይመለሱም። የበግ ጸጉር ሹራብ በሙቅ ውኃና በሳሙና ሲታሽ የሚጠበው በዚሁ ምክንያት ነው። ከዚህም አንድ ጠቃሚ ነገር እናገኛለን፦ የተቋጠረ ጸጉር ያላትን ድመት ሳያበጥሩ ማጠብ ቋጠሮውን ያጠብቀዋል። መጀመሪያ ማበጠር፣ ከዚያ ካስፈለገ ማጠብ ነው።

ለዚህ ሥራ ከውጭ የሚመጣ ብሩሽ አያስፈልግም። ጥርሱ ሰፋ ያለ የእንጨት ሚዶ ይበቃል፤ ለውስጡ ስስ ጸጉር ጥርሱ ጠበብ ያለ የብረት ማበጠሪያ ቢገኝ መልካም ነው። ፕላስቲክ ግን በታኅሣሥና በጥር፣ አየሩ በሚደርቅበት ወቅት፣ ችግር አለበት። ፕላስቲክና ጸጉር ሲፋተጉ ኤሌክትሮኖች ወደ ፕላስቲኩ ይሄዳሉ፤ ጸጉሩ ፖዘቲቭ ቻርጅ ይዞ ይቀራል፤ እርስ በርሱም እየተገፋፋ ይቆማል። ከዚያ የድመቷን አፍንጫ በጣታችን ስንነካ «ቅጭ» የምትል ብልጭታ ትዘላለች። አየር እንዲበጠስ በአንድ ሚሊ ሜትር 3,000 ቮልት ያህል ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ አንድ ሚሊ ሜትር የዘለለች ብልጭታ የ3,000 ቮልት ወሬ ነጋሪ ናት። ጉልበቷ ከአንድ ሺህኛ ጁል ያነሰ ስለሆነ አትጎዳም። ድመቷ ግን ሒሳቡን አታውቅም፤ ማበጠሪያ ባየች ቁጥር መሸሽ ትጀምራለች። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ እጅን በውኃ አርሶ ጸጉሩን ዳሰስ ማድረግ ቻርጁ እንዲፈስ ይረዳል። የኩሎምን ሕግ በቃላቸው የሚወጡ ተማሪዎቻችን ይህችን ብልጭታ ሲያዩ «ምን ይሆን?» ማለታቸው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያሳዝነናል።

አበጣጠሩም ከጫፍ ይጀምራል። የጸጉሩን ሥር በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርጎ መያዝ ያስፈልጋል፤ ያኔ የሚዶው ጉተታ በጣታችን ላይ ይቀራል እንጂ ቆዳዋን አይስብም። ጫፉ ሲፈታ ቀስ በቀስ ወደ ሥሩ መጠጋት ነው። ቋጠሮ የሚበዛው ከጆሮ ኋላ፣ በብብት፣ በሆድና በኋላ ጭኖች ላይ ነው። ለፐርሺያን ዓይነቷ በየቀኑ፣ ለሶማሊ ዓይነቷ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። መቀስ ግን አይነሣ። የድመት ቆዳ ስስ ነው፤ ቋጠሮው ሲጎተት ቆዳው አብሮ እንደ ድንኳን ይነሣል፤ መቀሱም ሁለቱን አይለይም። የሆነው ሆኖ እንቢ ካለ የእንስሳት ሐኪም ይላጨው።

እንደ ሃላሌ ባሉ፣ ምድሩ ወደ ኦሞ ሸለቆ በሚወርድባቸው ቦታዎች ነገሩ ይብሳል። በአንድ ሺህ ሜትር መውረድ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ሙቀት ይጨምራል። የተቋጠረ ጸጉር ነፋስ አያስገባም፣ እርጥበትን ከቆዳው ላይ ያግታል፤ ቁንጫም ተደብቆ ይራባበታል።

እጅግ የሚያሳስበን ቁንጫው ሲታይ የሚወሰደው እርምጃ ነው። አንድ ጎረቤታችን ለከብት መዥገር የተገዛ መድኃኒት ለድመታቸው ቀብተው በማግሥቱ ሞታ አግኝተዋታል። ሰውየው ክፋት አልነበራቸውም፤ ለበሬው የሚሆን ለድመቷም የሚሆን መስሏቸው ነው። ነገር ግን ድመት ላይ የተቀባ ነገር ሁሉ ይላሳል፣ የተላሰውም ይዋጣል። በዚያ ላይ የድመት ጉበት ሌሎች እንስሳት በቀላሉ የሚያስወግዷቸውን አንዳንድ ኬሚካሎች የማክሸፍ አቅሙ ደካማ ነው። ለውሻ የሚስማማው ፐርሜትሪን ድመትን የሚገድለው በዚህ ነው፤ በየቤቱ የሚገኘው ፓራሲታሞልም እንዲሁ። ዳያዚኖንም ሆነ ነጭ ጋዝ በድመት ጸጉር ላይ ቦታ የላቸውም። ለድመት ተብሎ የተዘጋጀ መድኃኒት እስኪገኝ ድረስ ጥርሱ ጠባብ ማበጠሪያና የሳሙና ውኃ የያዘ ጣሳ ይጠቅማሉ፤ የተበጠረው ቁንጫ ጣሳው ውስጥ ይሰጥማል፤ ሳሙናው የውኃውን የገጽ ውጥረት ስለሚቀንሰው መንሳፈፍ አይችልም።

በሥራው መካከል ድመቷ ብትነክስ ወይም ብትቧጭር ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያም ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። የእብድ ውሻ በሽታ በድመትም ይተላለፋል፤ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ ደግሞ ሕክምናው አይደርስለትም።